አናጢው ባሌና የካባው ጫካ

ባሌ አናጢ ነው። አባቱ በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር ወደ ሶዶ መጥተው መጀመሪያ ልብስ ሰፉ፣ በኋላ የእንጨት ሥራ ቤት ከፈቱ፤ ልጃቸውም በመጋዝ ብናኝ ውስጥ ድክ ድክ እያለ አደገ። እኔ እዚሁ ከዳሞታ ተራራ ሥር የተወለድኩ ወላይታ ነኝ፤ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። የተዋወቅነው መዘምራን ውስጥ ነው። እሱ ከእኔ ጋር ወላይትኛ ያወራል፣ ከደንበኞቹ ጋር አማርኛ፣ መዶሻ ጣቱን ሲመታው ደግሞ ጉራጊኛ።

ከእሱ ጋር መንገድ መሄድ ያስቸግራል። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት አጠገብ ካልተቀመጠ አይሆንለትም። ወደ ሻንቶ ወይም ወደ አረካ በሄድን ቁጥር ዓይኑ የሰው ጓሮ ውስጥ ነው።

"ያችን ዋንዛ አየሻት? ቀጥ ያለች ናት። ቁም ሳጥን ከነመሳቢያው ይወጣታል" ይለኛል። ትንሽ እንደሄድን ደግሞ "ያኛው ጠማማ ነው፣ ከማገዶ አያልፍም።"

እኔ ዛፍ ሳይ የሚታየኝ ጥላው ነው፤ ለእሱ ሳንቃው ነበር። ይህን የምለው ልወቅሰው አይደለም። ልጆቻችን የበሉት፣ የለበሱት፣ የተማሩት በዚያው ሳንቃ ነው።

ከሰፈራችን ጀርባ ካባ ነበር። ለመንገድና ለቤት መሠረት ድንጋይ ሲወጣበት ኖሮ፣ ድንጋዩ ሲያልቅ እንደተቦረቦረ የተተወ ቦታ ነው። ሰው ቆሻሻውን ሁሉ እዚያ ይጥላል። ፌስታል፣ የተሰበረ ወንበር፣ የሞተ ውሻ። ክረምት ሲሆን ውሃ ያቁርና ይሸታል፤ በጋ ሲሆን አቧራው እየተነሣ በየቤታችን ይገባል። ልጆቻችንን "ካባው ጋ እንዳትሄዱ" ሳንል የዋልንበት ቀን አልነበረም።

እዚያ ላይ ጫካ የመትከልን ነገር ያመጡት አንዲት ጎረቤታችን ናቸው። አረካ ውስጥ ችግኝ ሲያፈሉ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ሶዶ ልጃቸው ዘንድ የገቡ ሴት ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እማማ ይላቸዋል። አንድ ቀን በእድር ስብሰባ ላይ፣ ስለ ድንኳኑ መቀደድ ተነጋግረን ልንበተን ስንል እጃቸውን አወጡ።

"ማዘጋጃ ቤት ካባውን ለአረንጓዴ ቦታ ብሎ ነው የያዘው፤ ሄጄ ጠይቄያለሁ" አሉ። "ሰፈሩ ከተስማማ ይሰጡናል። ወራ እንትከልበት።"

ወራ በወላይትኛ ጫካ ማለት ነው። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

"እማማ፣ ጅብ በራችን ድረስ ሊያመጡልን ነው?" አለ ከኋላ የተቀመጠ ባጃጅ ነጂ።

የእድሩ ሰብሳቢ፣ ቦታው ከተገኘ ባህር ዛፍ ቢተከል ይሻላል፣ ደርሶ ሲቆረጥ ለእድሩ ይጠቅማል አሉ። ብዙ ሰው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ከዚያ ባሌ ተነሣ። እሱ እንጨት ያውቃል ተብሎ ስለሚታመን ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።

"እኔ ኑሮዬ ከእንጨት ጋር ነው" አለ። "እማማ እንዳይቀየሙኝ እንጂ ያ ቦታ ዐለት ነው። ዋንዛ አይይዝም፣ ዝግባ አይይዝም። ቢይዝ እንኳ ለሳንቃ ሲደርስ የሚያዩት የልጅ ልጆቻችን ናቸው።"

እማማ አልተቀየሙም። "ለሳንቃ አላልኩም፣ ልጄ። ጫካ ነው ያልኩት። ዛፉን አራርቀን አንተክልም፤ አጠጋግተን ነው። ረጅሙን፣ አጭሩን፣ ቁጥቋጦውን አደባልቀን። ለብርሃን ሲሽቀዳደሙ ቶሎ ይነሣሉ።"

"እንደ ጎመን?" አለ ባሌ።

"እንደ ጎመን" አሉ እማማ፣ እሳቸውም እየሳቁ።

ሐሳባቸው ያለፈው ሰው አምኖበት አይመስለኝም። ለባህር ዛፉም ቢሆን ያንን ቆሻሻ ለማጽዳት የሚደፍር ስላልነበረና እሳቸው "እኔ እጀምራለሁ" ስላሉ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አካፋ ይዘው ብቻቸውን ወረዱ። አንዲት አሮጊት ቆሻሻ ስትዝቅ ቆሞ ማየት ለማንም ከበደ። መጀመሪያ የመዘምራን ወጣቶች ወረዱ፣ ቀጥሎ የቢሮ ሠራተኞች፣ ከዚያ ያ ስለ ጅብ የቀለደው ባጃጅ ነጂ ከነጓደኞቹ። እኔም ቦቲ ጫማ ተውሼ ወረድኩ። ዐለቱን በዶማና በዲጅኖ እየሰነጣጠቅን ቦታ ቦታ ከፈትንለት፤ አፈር አስመጣን፤ በላዩ እበት፣ የቡና ገለባ፣ የበሰበሰ የእንሰት ቅጠል እየደራረብን ቀላቀልን። ሽታው ልብሳችን ላይ ለሳምንታት ቆየ።

ባሌ በተከላው ቀን ብቻ መጣ፤ እሱም ሊተክል ሳይሆን ሊያጥር። "ፍየል ካገኘው በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል" ብሎ ከሥራ ቤቱ የተረፈ ቁርጥራጭ ጣውላ በጋሪ አስጭኖ አመጣ። ሐምሌ ነበር፤ ዝናቡ ቀጭን ሆኖ ያለማቋረጥ ይወርዳል። ችግኞቹ በአይሱዙ መጡ፦ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ወይራ፣ ኮርች፣ ግራዋ፣ ስማቸውን በወላይትኛ ብቻ የማውቃቸው ቁጥቋጦዎች። እማማ በተከሉት መካከል እየተመላለሱ "አጠጉት፣ አጠጉት፣ አይጣሉም" ይሉ ነበር። ሲመሽ ካባው ላይ የሚታየው ጭቃና ከጭቃው ላይ ብቅ ያለ ቅጠል ብቻ ነበር። ከጉልበቴ በላይ የሚደርስ አንድም አልነበረም።

የመጀመሪያው በጋ አሳፈረን። ሶዶ ውስጥ ቧንቧ እንደልብ አይመጣም። ሰው ልብስ ያጠበበትን፣ ሰሃን ያለቀለቀበትን ውሃ በባልዲ እየተሸከመ ወረደ፤ ሲሰለች ደግሞ ቀረ። በየካቲት ችግኞቹ እንደ ክብሪት እንጨት ደርቀው ቆሙ። ከቡና ገለባው ሥር እጄን ሰድጄ ስዳስስ እርጥበት ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ግን ምኞቴ ይሁን እውነት መለየት አቃተኝ። የእድሩ ሰብሳቢ በመንገድ ባገኙኝ ቁጥር "እንዴት ነው ጎመኑ?" ይሉኛል። ባሌ አልቀለደም። ግን አንድም ቀን ወርዶ አላየም።

በመጋቢት ዝናቡ ጣለ፤ የደረቀ ከመሰለን ሥር ቅጠል ወጣ። ሁሉም ግን አልተረፈም። እማማ የሞተውን እየነቀሉ በቦታው ሌላ ተከሉ። ከዚያ ሁለተኛው ክረምት መጣ፣ እኔም ልክ ያልሆነ ነገር ያየሁ መሰለኝ።

እንዴት እንደምገልጸው ይቸግረኛል። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ለጥቂት ሳምንታት ቢጠና ከተማ እህቴ ጋ ሰንብቼ ስመለስ ካባው ያለበትን አጣሁት። ብሳናዎቹ ከራሴ በላይ ሄደዋል። ዋንዛው ሰሃን የሚያክል ቅጠል ዘርግቷል። ሐረግ አንዱን ከአንዱ አስሯል፤ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ወደ ውስጥ ስመለከት ዓይኔ ተከልክሎ ተመለሰ። ጨለማ ነበር ውስጡ። በቀን፣ ፀሐይ ላይ ቆሜ፣ ከፊቴ ጨለማ አለ! በጎን ተንሸራትቼ ገባሁና ቆምኩ። ብርዱ መጀመሪያ ክንዴን ነካኝ። ከሥሬ ያለው መሬት ስረግጠው ወደ ታች ሰመጠ፤ ያ ዲጅኖ ሲመልስ የነበረ ዐለት እንደ ፍራሽ ለስልሶ ነበር። የሸረሪት ድር ላይ የውሃ ጠብታ ተደርድሯል። ከውጭ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል፣ ግን ከሩቅ፣ ከሌላ ከተማ የመጣ ይመስላል። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ስወጣ እማማን አገኘኋቸው። ክንዴ ላይ የተጣበቀውን ድር አንሥተው ጣሉልኝና ፈገግ አሉ።

ትምህርት ሲከፈት ተማሪዎቼን ይዤ ወረድኩ፤ ድርሰት እንዲጽፉ ነበር ሐሳቤ። አንዲት ልጅ ክረምት ውሃ ከሚያቁርበት ጎድጓዳ ቦታ አጠገብ ተቀምጣ ቀረች። እንቁራሪቶች ነበሩ፣ ጥፍር የሚያካክሉ።

"ቲቸር፣ ዛፎቹን እኛ ተከልናቸው" አለችኝ። "እነዚህንስ ማን አመጣቸው?"

ስንት ዓመት አስተምሬ እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሞኝ አያውቅም። "እኔም እያሰብኩ ነው" አልኳት። እውነቴን ነበር።

ያን ሁሉ ለባሌ ነገርኩት። ያዳምጠኛል፣ "ጥሩ ነው" ይላል፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። ጠባዩ እንደዚያ ነው፤ በሰው አፍ የተነገረው ነገር አይይዘውም። እንዲይዘው ራሱ መንካት አለበት።

በዚያው ዓመት ከከተማ ወጣ ያለች አንዲት አጥቢያ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሠርታ ሰባኪው ቆሞ የሚያስተምርበትን ምስባክ አዘዘችው። ሽማግሌዎቹ ሥራ ቤቱ ድረስ መጥተው "ዋንዛ ይሁን፣ ከአንድ ግንድ የወጣ ይሁን" አሉት። እንደዚያ ያለ ሥራ አናጢ በዕድሜው ጥቂት ጊዜ ነው የሚያገኘው። ደስታው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። በሶዶ ዙሪያ ግን የዚያን ያህል ወፍራም ዋንዛ አልቀረም። ጠይቆ ጠይቆ ቢጠና አካባቢ በአንድ ገበሬ ማሳ መካከል እንዳለ ሰማና መኪና ተከራይቶ፣ በሞተር መጋዝ የሚቆርጡ ሁለት ሰዎች ይዞ በጠዋት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። መኪናው ባዶ ነበር። ሰዎቹን ሸኝቶ ገባና ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ፀጉሩ ውስጥ የደረቀ ነጭ አበባ ተሰክቷል።

"እንጨቱስ?" አልኩት።

"እዚያው ነው።"

"ሰውየው እምቢ አለህ?"

"የለም፣ እሱማ ተስማምቷል። መጋዙንም አውርደን ነበር።"

"ታዲያ ምን ሆነ?"

ተቆጥቶ ይሁን ታሞ መለየት አቅቶኝ ውሃ ሰጠሁት። ጠጣና ብርጭቆውን በእጁ እያዞረ መናገር ጀመረ።

"አበባ ላይ ነበረች" አለ። "እኔ ዋንዛ ስቆርጥ ግንዱን ነው የማየው። ውፍረቱን፣ ቀጥ ማለቱን። ዛሬ ገመድ የት እንደምናስር ለማየት ቀና አልኩ። ነጭ ነው። እስከ ላይ ድረስ ነጭ። ሰማይ አይታይም። ንቡ ደግሞ..." ቃል ፈለገ። "ጉባኤ ሁሉ አንድ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲጸልይ የሚሰማው አለ አይደል? ማን ምን እንደሚል አይለይም፣ ግን ቤቱ ይንቀጠቀጣል። እንደዚያ ነው። በጆሮዬ አይደለም የሰማሁት፤" ደረቱን ነካ፤ "እዚህ ጋ ነው። አበባው እየረገፈ ፊቴ ላይ ያርፋል። ሰዎቹ 'እንጀምር?' አሉኝ። አፌ እምቢ አለኝ።"

"ከዚያስ?"

"ገበሬው 'አመመህ እንዴ?' አለኝ። 'ተወው፣ ትቁም' አልኩት። ያበድኩ መስሎታል።"

ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። የአባቱ ቀብር ላይ እንኳ እንባውን ለብቻው ነው የጨረሰው። ያን ቀን ግን ፊት ለፊቴ ዓይኑ ሞላ፤ እሱም አልደበቀውም። ፀጉሩ ላይ ያለውን አበባ ላነሣለት እጄን ዘረጋሁና ተውኩት።

ሽማግሌዎቹ በሦስተኛው ቀን መጡ። ባሌ የቆየ ልምዱን ሁሉ ተጠቅሞ በትሕትና አነጋገራቸው።

"አባቶቼ፣ ከግራቪሊያ እንጨት አሳምሬ እሠራላችኋለሁ። ማንም አይለየውም።"

"እኛ እንለየዋለን" አሉ ትልቁ። "ለእግዚአብሔር ቤት ነው እኮ። እንጨቱ ተገኝቶ ሳለ ለምን?"

"ልቆርጣት አልቻልኩም።"

"ምን ከለከለህ?"

ያየውን እንዲነግራቸው ጠበቅሁ። አልነገራቸውም። "ማስረዳት አልችልም፣ አባቶቼ" ብቻ አለ። እነሱም አዝነው ሄዱ፤ ሥራውን ለአረካ አናጢ ሰጡት። ወሬው ከተማውን ዞረ። ገበያ ስሄድ አንዷ "ባልሽ እንጨት ፈራ አሉ" አለችኝ። ያን ሰሞን ሥራ ቀዘቀዘብን። አልደከመኝም ብዬ አልዋሽም፤ አንዳንድ ማታ በልቤ "ምን ነበረ ያችን አንዲት ዛፍ ቢቆርጣት" እል ነበር። ወዲያው ያ የሞላ ዓይኑ ይመጣብኛል።

አናጢነቱን አልተወም። ዛሬም ከግራቪሊያና ከባህር ዛፍ በርና አልጋ ይሠራል፤ ነፋስ የጣለው ወይም አርጅቶ የወደቀ ዋንዛ ሲገኝ ደግሞ እንደ ዕንቁ ይዞት ይሠራዋል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ሥራ ቤቱን ከመክፈቱ በፊት ካባው ጋ መውረድ መጀመሩ ነው። የመጀመሪያው ቀን ተከትዬው ሄድኩ። በአጥሩ በር ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ጥቂት ሄዶ ቆመና መዳፉን አንድ ጥቁር እንጨት ላይ አሳረፈ። ግንዱ ከክንዱ አይወፍርም። ሲለካው አይደለም፤ የሚለካበትን እጅ አውቀዋለሁ። ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ።

"ዐለት ነበር እኮ ይሄ" አለ።

"አዎ።"

"እዚህ አይበቅልም ብዬ ተነሥቼ ተናግሬያለሁ። በሕዝብ ፊት።"

"አዎ" አልኩና ሳቅሁ። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ፣ እንደገና ወደ ላይ ማየት ጀመረ።

የዚያች ዋንዛ ፍሬ ሲደርስ ራሱ ቢጠና ወርዶ ለቅሞ መጣ። ከእማማ ጋር ተቀምጠው የሚያጣብቀውን ሥጋ እያጠቡ ዘሩን ለዩት። ሥራ ቤቱ ጓሮ፣ ሳንቃ ይደረደርበት የነበረው ቦታ ላይ አሁን የችግኝ ፕላስቲክ ተደርድሯል። ጓደኞቹ "አናጢው ጥሬ ዕቃውን ከዘር ጀመረ" እያሉ ያሾፉበታል። ሌሎች ሰፈሮች ክፍት ቦታቸው ላይ ለመትከል ሲመጡ ግን ችግኝ የሚወስዱት ከእሱ ነው።

አሁን የምነግራችሁ ባለፈው ዓመት፣ አንድ እሑድ የሆነውን ነው። አምልኮ አልቆ ሰው በካባው ጎን ባለው መንገድ ወደየቤቱ ይጓዛል። ቀትር ነው፣ ሁሉም የእሑድ ልብሱን ለብሷል፣ ወሬው ደርቷል። ድንገት ከፊት ያሉት ቆሙ፤ ከኋላ ያለነው ገፋናቸውና እኛም ቆምን።

ኮርቹ ላይ ወፍ ነበር። ዶሮ የሚያክል፣ አካሉ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ ጉንጩ ነጭ። ቅርንጫፍ ላይ እንደ ወፍ አይዘልም፤ እንደ ሽኮኮ ይሮጣል። እኔ ሶዶ ተወልጄ አድጌ እንደዚህ ያለ ወፍ አይቼ አላውቅም። ከኋላ የመጣ ባጃጅ ጥሩንባ ሊነፋ ብሎ ሞተሩን አጠፋ።

አጠገቤ የነበሩ፣ ዳሞታ ላይ የተወለዱ አንድ ሽማግሌ በወላይትኛ በሹክሹክታ "የተራራው ነው" አሉ። "ልጅ ሆኜ ነው ያየሁት። ጫካው ሲመነጠር የጠፋ መስሎኝ ነበር።" ከተራራው እስከ እኛ ሰፈር ድረስ ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ጣሪያ አቋርጦ፣ ቴኒስ ሜዳ የማታክል ጫካችንን እንዴት አገኛት? ማን ነገረው?

ከዚያ ወፉ ተነሣ። ክንፉን ሲዘረጋ ውስጡ ቀይ ነበር፤ ቀይ ብዬ የማልፈው ዓይነት አይደለም፣ ፍም ነው። ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ላይ ትንፋሹን ሳበ። እማማ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የእድሩ ሰብሳቢ ኮፍያቸውን አወለቁ። ወፉ ከራሳችን በላይ አልፎ፣ ዞሮ፣ ተመልሶ ቅጠሉ ውስጥ ገባ።

ማንም ለመሄድ አልቸኮለም። ባሌ እጄን ያዘ፤ በሰው ፊት የማያደርገው ነገር ነው። ቤት ውስጥ ምሳ ይጠብቀናል፣ ልጆች ርቧቸዋል፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ እኛ ግን መንገዱን ዘግተን፣ አፋችንን ከፍተን፣ ቅጠሉ እንደገና እስኪነቃነቅ ድረስ ቆምን።